ጠገራ ብር በገበያችን ለምን ነገሠ?

(በሬድዮ ከቀረበ ንግግር)

የንግድ ትምህርት የሚማር ወጣት በመጀመሪያው ዓመት ከመምህሩ ከሚሰማቸው ቃላት መካከል ገበያ ማጥናት፥ የንግድ ምልክት፥ የንግድ ስልት፥ ቀጥተኛና ቀጥተኛ ያልሆነ ግብር የሚባሉት ይገኙባቸዋል። ተማሪው ቃላቱን ከነትርጓሜያቸው በደብተሩ ጽፎ በፈተና ቀን ይመልሳቸዋል፤ ነገር ግን ትርጓሜውን በቃል መያዝ አንድ ነገር ነው፤ ነገሩ በሰው ኑሮ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ደግሞ ሌላ ነው። እናንተም በየመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ መዝገብ የምታዘጋጁ፥ ግብር የምትቀበሉ፥ ሒሳብ የምትመረምሩ ሰዎች፥ በእጃችሁ የሚያልፈው ገንዘብ ስለ ምን ገንዘብ ሊሆን እንደ ቻለ ለመጠየቅ ጊዜ አታገኙ ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ ምሳሌ ፍለጋ ወደ ሩቅ ከመሄድ ይልቅ አያቶቻችን በመቀነታቸው ቋጥረው፥ በእንስራ ከተው ከመሬት ቀብረው ያቈዩትን ጠገራ ብር አንሥተን ታሪኩን እንመርምር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመኖች፥ ዓ.ም. የሚል ካልተጨመረባቸው በቀር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር የተነገሩ መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ጥያቄው ይህ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከአድዋ ድል ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በስማቸውና በምስላቸው ብር አሠርተው በአገራቸው እንዲገበያዩበት አዘዙ። ብሩ በክብደቱ ሕዝቡ ከለመደው ጠገራ ብር ጋር እኩል ነበረ፤ በጥራቱም አይተናነስም። አዛዡ ኀያል ንጉሠ ነገሥት ናቸው፤ ዐዋጃቸው የሚሰማ፥ ሰራዊታቸው የሚፈራ ነው። ሆኖም ገበያው የርሳቸውን ብር ትቶ፥ ከሞቱ ከመቶ ዓመት በላይ የሆናቸውንና ኢትዮጵያን በዓይናቸው አይተዋት የማያውቁትን የአንዲት የባዕድ አገር እቴጌ ብር መረጠ። ኀይል ያለው ሰው ያዘዘውን ገበያ እንዴት እንቢ ሊል ቻለ?

ማርያ ቴሬዛ ከ1740 ጀምሮ እስከ 1780 ድረስ የኦስትሪያን፥ የሀንጋሪንና የቦሔሚያን አገሮች ያስተዳደሩ እቴጌ ናቸው። በስማቸው የሚሠራው ታላቁ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከመቶው 83 እጅ ንጹሕ ብር ሲሆን የቀረው መዳብ ነው። በአንዱ ገጽ የእቴጌይቱ ምስል ይታያል። ምስሉ የተቀረጸው ባላቸው በ1765 ከሞቱባቸው በኋላ ስለ ሆነ በራሳቸው ላይ የመበለት ሻሽ ጣል አድርገዋል፤ ከግንባራቸው ከፍ ብሎ ዕንቍ የተደረደረበት ጌጥ፥ በትከሻቸውም ላይ ሻሹን የሚይዝ ክብ መርፌ ቍልፍ አለ። ከምስሉ በታች ሁለት የላቲን ፊደላት ተቀርጸዋል፤ እነዚህም በጒንስቡርግ ከተማ የነበረው የገንዘብ ማተሚያ ቤት ሹሞች የሾብልና የፋቢ ስም መነሻ ናቸው። በሌላው ገጽ ሁለት ራስ ያለው ንስር ከነጋሻው፥ ከአጠገቡም 1780 የሚል ዘመን ይነበባል። በጠርዙ ዙሪያ ደግሞ «በፍትሕና በምሕረት» ማለት የሆነ የላቲን ቃል ይዞራል። ይህ የጠርዝ ጽሕፈት ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይምሰላችሁ፤ አታላይ ሰው ከብሩ ዳር ጥቂት ጥቂት እየፋቀ ለመስረቅ ቢሞክር ጽሕፈቱ ስለሚጠፋ ወዲያው ይታወቅበታል።

እቴጌይቱ በ1780 ሲሞቱ ልጃቸው ዳግማዊ ዮሴፍ ነገሡ። በአውሮፓ ልማድ ንጉሥ ሲለወጥ የገንዘቡም ምስል ይለወጣል። ነገር ግን ይህ ብር ከአገሩ ይልቅ በውጭ አገር፥ ይልቁንም በኦቶማን መንግሥት ግዛቶችና በቀይ ባሕር ዳርቻ ይፈለግ ስለ ነበር ነጋዴዎቹ አዲሱን ምስል አልወደዱትም። ከሩቅ አገር ያለው ገዢ የኦስትሪያ ዙፋን በማን እጅ እንደ ሆነ ግድ የለውም፤ የሚያውቀው ያቺን ባለ ሻሽ ሴት ነው። ስለዚህ የኦስትሪያ ማተሚያ ቤቶች ለውጭ ንግድ የሚሆነውን ብር በሟቿ እቴጌ ምስልና በ1780 ዘመን እንደ ነበረ ማተማቸውን ቀጠሉ። ዓመቱ ሲያልፍ ዘመኑ አልተለወጠም፤ ነገሥታት ሲተካኩም ምስሉ አልተለወጠም። በ1858 ብሩ በገዛ አገሩ በኦስትሪያ ሕጋዊ ገንዘብነቱ ቀርቶ ሳለ እንኳ ለውጭ ገበያ መታተሙን አላቋረጠም።

የንግድ ስልት የሚባለው ነገር እንግዲህ ይህን ይመስላል። የቪየና ሹማምንት ገዢያቸውን ለማስተማር፥ ልማዱንም ለማስለወጥ አልደከሙም፤ ገዢው የሚያምነውን ነገር ዐውቀው ያንኑ ሳይነኩ መስጠትን መረጡ። ብር ይዞ ለሚመጣ ነጋዴ ሁሉ የማተሚያ ዋጋ እያስከፈሉ ያትሙለት ነበር። የሚያገኙት ጥቅም ከያንዳንዱ ብር ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በብዙ ሚሊዮን ሲባዛ ጥቂት አይባልም። እስከ ዛሬ ድረስ የታተመው ጠገራ ብር ከ300 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል።

ብሩ ወደ እኛ አገር የመጣበትን መንገድ ለማወቅ በመጀመሪያ ወደ የመን መመልከት ያስፈልጋል። በ18ኛው መቶ ዓመት አውሮፓውያን የሞካን ቡና አጥብቀው ይፈልጉ ነበር፤ የመናውያን ግን ከአውሮፓ ዕቃ የሚሹት እምብዛም አልነበረም። ስለዚህ ቡናው የሚገዛው በጥሬ ብር ሆነ። ዐረቦቹ በትከሻዋ ላይ ስላለው ጌጥ «አቡ ኑቅጣ»፥ ማለት ባለ ነጥቡ፥ እያሉ የሚጠሩት ይህ ብር ከየመንና ከጅዳ ተሻግሮ በምጽዋ፥ በዘይላና በታጁራ በኩል ገባ። ሲራራ ነጋዴዎችም ከወደቡ ወደ ጎንደር፥ ከጎንደር ወደ ባሶ ገበያ፥ ከዚያም ወደ ደቡብ ይዘውት ወረዱ። ለርሱ ለውጥ ከአገራችን የወጣው ቡና፥ የዝሆን ጥርስ፥ ዝባድ፥ ቆዳና ወርቅ ነው። ይህን ነገር እባካችሁ አትርሱት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ጠገራ ብር ሲመጣ ገበያችን ባዶ አልነበረም። የጨው አሞሌ ነበረበት። በ1520ዎቹ አገራችንን የጐበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግል፥ ከሚቈፈርበትም ስፍራ እየራቀ በሄደ ቍጥር ዋጋው እየጨመረ እንደሚሄድ ጽፎአል። አሞሌ ከአፋር ቈላ እየተጠረበ በግመልና በበቅሎ የሚወጣ ስለ ሆነ በትግራይ ብዙው በአንድ ብር ሲገኝ በጎጃምና በሸዋ ጥቂት ብቻ ይገኝ ነበር። ዝናም ያሟሟዋል፤ ጕዞ ይሰባብረዋል፤ ጠርዙ የጐደለ አሞሌም ዋጋው ይቀንሳል። ሆኖም አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ ታናሽ ዕቃ ለመግዛት ይመች ነበር። ጠገራ ብር ግን ለድሃ ሰው እጅግ ከባድ ገንዘብ ነው። አንዲት ሴት በርበሬ ወይም ጥጥ ልትገዛ ወጥታ ጠገራ ብር ብታቀርብ መላሽ የሚሰጣት አታገኝም። በመሆኑም ብሩና አሞሌው ሥራ ተካፍለው አብረው ኖሩ፤ ብሩ ለበቅሎ፥ ለበሬና ለጠመንጃ፥ አሞሌው ለዕለት ጕርስ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ደግሞ የጠመንጃ ጥይት በሦስተኛነት ገብቶ እንደ ሽርፍራፊ ገንዘብ አገልግሎአል።

ገበያተኛው ብሩን ሲቀበል እንዲሁ በቸልታ አልነበረም። በዚያ ዘመን አገራችንን ያዩ መንገደኞች ሁሉ በመገረም የሚያወሩት ነገር ነው። ሻጩ ብሩን ከተቀበለ በኋላ ከድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ያዳምጣል፤ ቀጥሎም በጌጡ ላይ ያሉትን ዕንቍዎች ይቈጥራል፤ የትከሻው ቍልፍ ጐልቶ መታየቱን፥ ከምስሉ በታች ያሉት ፊደላት አለመፋቃቸውን በጣቱ ይዳስሳል። አንዱ ምልክት ከጠፋ፥ ወይም ብሩ ዐልቆ ከሆነ፥ ይመልሰዋል። ላቲን የማያነብ፥ ቪየናን በስሟ እንኳ የማያውቅ ገበሬ የብሩን ምልክት ከብዙ የአውሮፓ ባለ ባንክ ይልቅ አጥርቶ ያውቅ ነበር። እኔ ይህን እንደ ግትርነት የሚቈጥሩትን ጸሐፊዎች አልስማማባቸውም። ሚዛንና የብረት መመርመሪያ በሌለበት ገበያ አንድ ዓመት የደከመበትን እህል በአንድ ቍራጭ ብረት የሚለውጥ ሰው ሌላ ምን መከላከያ ነበረው? የንግድ ምልክት ማለትም ይኸው ነው፤ ዕቃውን ለመመርመር ለማይችል ሰው ምርመራውን የሚተካለት ነገር ነው።

እንግሊዞች ይህን በጊዜ ተረድተው ነበር። ጄኔራል ናፒየር በ1867ና በ1868 ጦር ይዘው ወደ መቅደላ ሲመጡ ለስንቅና ለጭነት ከብት የሚከፍሉት የእንግሊዝ ወርቅ እንደማያገለግላቸው ዐውቀው ማርያ ቴሬዛ ብር አስፈልገው በሣጥን አስጭነው መጡ። በዓለም ሁሉ የታፈረው የእንግሊዝ ፓውንድ በእንደርታና በላስታ መንገድ ላይ እንደ ገንዘብ አላለፈም።

አሁን ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ብር እንመለስ። ብሩ የተሠራው በፓሪስ በመንግሥት ማተሚያ ቤት ነው። በአንዱ ገጽ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል ከነዘውዳቸው፥ በሌላው ገጽ ሰንደቅ ዓላማ የያዘ ዘውድ የደፋ አንበሳ አለበት፤ የተጻፈበትም ዘመን 1887 ዓ.ም. ነው። ከታላቁ ብር ጋር አላድ፥ ሩብ፥ ተሙንና ግርሽ የተባሉት ታናናሽ ገንዘቦች፥ ከመዳብም ቤሳ ወጡ። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ያደረጉት ለክብር ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ነገሩን ማሳነስ ይሆናል። ቀደም ብለን አትርሱት ያልነውን እዚህ ላይ እናስታውስ፤ በአገሩ ውስጥ የሚዞረው እያንዳንዱ ጠገራ ብር በቡና፥ በቆዳ፥ በዝሆን ጥርስና በዝባድ የተገዛ ነው። ገንዘቡን የሚያትም መንግሥት የብረቱን ዋጋና የገንዘቡን ዋጋ አስተያይቶ ልዩነቱን ለራሱ ያስቀራል፤ ይህም ማንም ሳይሰማው የሚከፍለው ግብር ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። የኢትዮጵያ ገበያ በጠገራ ብር ሲገበያይ ያን ግብር የሚከፍለው ለራሱ መንግሥት ሳይሆን ለቪየና ማተሚያ ቤትና ብሩን ለሚያመላልሱ ነጋዴዎች ነበረ።

ሌላም ጕዳት ነበረበት። ከ1870ዎቹ ጀምሮ የአውሮፓ መንግሥታት ገንዘባቸውን በወርቅ ላይ ሲመሠርቱ የብር ዋጋ በዓለም ገበያ ወረደ። የኢትዮጵያ ጕምሩክ ቀረጥ የሚሰበስበው በብር ነው፤ ጠመንጃና ሸቀጥ የሚሸጡት አውሮፓውያን ግን ዋጋቸውን የሚያሰሉት በወርቅ ነው። ማንም በአዲስ አበባ ሳይመክርበት፥ በለንደን የብር ዋጋ ዝቅ ባለ ቀን የኢትዮጵያ መንግሥት ገቢ ሳይቀነስ ተቀነሰ። የራሱ ገንዘብ የሌለው መንግሥት ግብሩን ማን እንደሚተምንለት አያውቅም ማለት ነው።

እንግዲህ የምኒልክ ብር ስለ ምን አላሸነፈም? አንደኛውን ምክንያት ከላይ አይተነዋል፤ ገበያተኛው የሚቈጥራቸው ዕንቍዎች፥ የሚዳስሳቸው ፊደላት በአዲሱ ብር ላይ የሉም። አንበሳው ያምራል፤ ግን ገና አልተፈተነም። በከተማና በቤተ መንግሥት አካባቢ ቢወስዱትም ከከተማ በራቁ አገሮች ወይ አይቀበሉትም ወይ በቅናሽ ይቀበሉታል። ይልቁንስ ታናናሾቹ ተሙንና ግርሽ የተሻለ ዕድል አገኙ፤ ምክንያቱም ጠገራ ብር ሊሠራው የማይችለውን የሽርፍራፊ ሥራ ይሠሩ ነበር። ጠንካራ ተወዳዳሪ ባለበት በር ከመግፋት ማንም ባልቆመበት በር መግባት እንደሚቀል የንግድ ሰዎች ዛሬ በትምህርት ቤት የሚያስተምሩት ነገር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ለእኔ ከመጀመሪያው የበለጠ ክብደት አለው፤ የመንግሥት ሠራተኞች ልብ ልትሉት የሚገባችሁም ይህ ነው። በዚያ ዘመን ገበሬው ለመንግሥት የሚከፍለው በአብዛኛው ገንዘብ አልነበረም። ከክፉ ቀን በኋላ፥ በ1892፥ ወታደር በየገበሬው ቤት እየተመራ የሚቀለብበትን ልማድ ለመተካት አሥራት ተደነገገ፤ አሥራቱም የሚሰጠው በእህል ነው። ከዚህ በቀር ማር ነበረ፤ ከብት ነበረ፤ ማገዶ መሸከም፥ እህል መፍጨት፥ አጥር ማጠር፥ የሹሙን እርሻ ማረስ ነበረ። በአንዳንድ አገር በአሞሌ፥ በሌላው በቡሉኮና በአቡጀዲ ግብር ይገባ ነበር። በኬላ የሚቆመው ቀረጥ ተቀባይም በጠገራ ብር ይቀበል ነበር፤ እንቢ አላለም። እንግዲህ አንድ የምንጃር ገበሬ የምኒልክን ብር ስለ ምን ብሎ ይፈልገው? የገዛ ንጉሡ እንኳ በግብሩ ጊዜ ያንን ብር ግድ አምጣ አላሉትም። መንግሥት በአንድ እጁ «ይህን ገንዘብ ውሰዱ» እያለ በሌላ እጁ ሌላውን ሁሉ ከተቀበለ ዐዋጁን ራሱ አፈረሰው። በ1906 የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክም፥ በ1915 ያወጣው የወረቀት ገንዘብም ይህን መሠረታዊ ነገር ሊለውጡት አልቻሉም፤ ወረቀቱ በአዲስ አበባ ነጋዴዎችና በውጭ አገር ሰዎች እጅ እየተዘዋወረ ቀረ።

በዚህ ረገድ ከኢጣልያ ሥራ የሚገኘው ትምህርት አያንስም። ኢጣልያ ኤርትራን ከያዘች በኋላ በ1890ዎቹ የንጉሥ ኡምቤርቶን ምስል የያዘ ብር አወጣች። በውስጡ ያለው ንጹሕ ብር ከመቶ 80 እጅ ብቻ ስለ ነበር፥ መልኩም ስለ ተለየ፥ ሕዝቡ ናቀው። በ1918 ደግሞ ሁለተኛ ሙከራ አደረገች፤ በዚህ ጊዜ የንጉሡን ምስል ትታ ማርያ ቴሬዛን የምትመስል ሴት አስቀረጸች። ገበሬው ዕንቍ የሚቈጥር መሆኑን ግን ረስታ ነበር፤ ይህም ሳይሳካ ቀረ። በመጨረሻ በ1935 ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ ከኦስትሪያ መንግሥት ጋር ተዋውላ የእውነተኛውን ብር መቅረጫ ወሰደችና በሮማ ማተም ጀመረች። ወራሪው ጦር በአገሩ ውስጥ ለሚገዛው ነገርና ለሚያባብለው ሰው ሁሉ ያንን ብር ሊከፍል አስቦ ነበር። መቅረጫው ወደ ሮማ በመሄዱ በቀይ ባሕር የሚነግዱት እንግሊዞች ጠገራ ብር የሚያገኙበት በር ስለ ጠበበባቸው በ1936 በለንደን የንጉሥ ማተሚያ ቤት ያንኑ ብር ያንኑ ዘመን ጽፈው ያትሙ ጀመር፤ በኋላም በፓሪስ፥ በብሩሴልና በቦምቤይ ታተመ። የሞቱ እቴጌ ምስል በአራትና በአምስት አገር በአንድ ጊዜ ሲታተም፥ ባለቤቱ ማን ነው የሚለው ክርክር ገበያውን አላስጨነቀውም። ምልክቶቹ ትክክል ነበሩ፤ ክብደቱም ትክክል ነበር።

ኢጣልያኖች በ1936 አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ጠገራ ብርን ከልክለው በወረቀት ሊሬ ለማስለወጥ ሞከሩ። ሕዝቡ ብሩን ቀበረው። እህልና ከብት ከገበያ ጠፋ፤ ቡናም ወደ ገበያ መውጣቱን አቆመ፤ ሊሬው በየጊዜው ዋጋው ወረደ። ጥቂት ሳይቈዩ የከለከሉትን ብር ራሳቸው ከሮማ እያስመጡ መክፈል ግድ ሆነባቸው።

ከነጻነት በኋላ በ1941 አገሪቱ የነበረችበትን ሁኔታ ለአንድ ሒሳብ ሹም ማሰቡ እንኳ ያደክማል። በገበያው ጠገራ ብር አለ፤ የኢጣልያ ሊሬ አለ፤ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣ የምሥራቅ አፍሪካ ሺልንግ፥ የሕንድ ሩፒና የግብጽ ፓውንድ አለ። የአንዱ ምንዛሪ ከሌላው ጋር በየከተማው ይለያያል። በዚህ ላይ ጠገራ ብር እንደ ምንዛሪ መጠቀም ራሱ ጭነት ነው፤ አንድ ሺህ ብር 28 ኪሎ ይመዝናል። በወር ሦስት መቶ ብር የሚከፈለው ጸሐፊ ደመወዙን ከስምንት ኪሎ በላይ አድርጎ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል ማለት ነው፤ የዚያ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥም ከሒሳብ ይልቅ ትከሻ የሚፈለግበት ሹመት ይሆን ነበር።

በዚህ ጊዜ የተደረገው ነገር የምኒልክ ዘመን ሙከራ የጐደለውን የሞላ ነው። አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ወጣ። አስቀድሞ በ1942 የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ተቋቁሞ ነበር። ገንዘቡ በአብዛኛው ወረቀት ቢሆንም ከርሱ ጋር የወጣው የ50 ሳንቲም ገንዘብ ከብር የተሠራ ነበር፤ ብሩም በጦርነቱ ዘመን ውል መሠረት ከአሜሪካ የተገኘ ነው። ሕዝቡ ድምፁን ሰምቶ፥ በጥርሱ ነክሶ የሚያምነው አንድ ነገር ከወረቀቱ ጎን ተቀመጠለት። ይህን ያሰቡ ሰዎች ገበያቸውን አጥንተዋል ብል ማጋነን አይሆንም።

ዋናው ነገር ግን በግብር በኩል የመጣው ነው። ገንዘቡ ከመውጣቱ ጥቂት ወራት ቀድሞ፥ በ1944 መጨረሻ፥ የመሬት ግብር ዐዋጅ ወጥቶ በእህል ይሰፈር የነበረው አሥራት በገንዘብ እንዲለወጥ አደረገ። በተለካው አገር አንድ ጋሻ ለም መሬት ያለው ሰው ለመሬቱ ግብር 15 ብር፥ ስለ አሥራቱ 35 ብር፥ በድምሩ 50 ብር እንዲከፍል ተወሰነ፤ ለም ጠፍ ለሆነው 40 ብር፥ ለጠፍ 15 ብር። ጎጃም፥ ቤጌምድርና ትግራይ በዚህ ልክ ሳይሆን በቀድሞው ልማዳቸው ቀሩ። ከዚህ በኋላ የሸዋ ወይም የአርሲ ባለ መሬት አዲሱን ገንዘብ ወደደውም ጠላውም በዓመት አንድ ጊዜ ሊያገኘው ግድ ሆነበት፤ ምክንያቱም የግምጃ ቤቱ ጸሐፊ ደረሰኝ የሚጽፍለት በርሱ ነው። የመንግሥት ደመወዝም በዚያው ገንዘብ ይከፈል ጀመር። በአንድ በር የወጣው ገንዘብ በሌላ በር ተመልሶ የሚገባ ሆነ፤ በመካከሉም ገበያው ውስጥ ያልፋል። ምስሉን ከማሳመርና ዐዋጁን ከማስጮኽ ይልቅ ይህ ዙር ነው ወረቀቱን ገንዘብ ያደረገው። ከጦርነቱ በኋላ የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ከፍ ማለቱም ባንኩን በውጭ ምንዛሪ አጠንክሮለታል።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ የተገኘ እንዳይመስል ዋጋውን የከፈለውንም ማስታወስ ተገቢ ነው። አሥራት በእህል ሲሰፈር መኸር ያልያዘለት ገበሬ የሚሰጠውም ያንኑ ያህል ያንስ ነበር፤ በገንዘብ የተወሰነው ግብር ግን ዝናም ቢዘንብም ባይዘንብም ያው ነው። ገበሬው ገንዘቡን ለማግኘት እህሉን መሸጥ አለበት፤ ጎረቤቱም ሁሉ በዚያው ወር፥ ለዚያው ግብር፥ ያንኑ እህል ይሸጣል፤ ስለዚህ ዋጋው የሚወድቀው እርሱ ሊሸጥ በወጣበት ቀን ነው። ነጋዴው በጥር ገዝቶ በሐምሌ ለዚያው ገበሬ መልሶ ይሸጥለታል። ባለ ርስቱም ስለ አሥራት የሚከፈለውን ገንዘብ በብዙ ስፍራ ለጭሰኛው አሳልፎ ያሸክመው ነበር። ግብር በወረቀት ላይ የተጻፈበት ሰውና በእውነት የሚከፍለው ሰው ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆኑ የግብር ትምህርት መጻሕፍት በረጅሙ ያብራሩታል፤ የግብር ሹም የነበሩ ሽማግሌ ግን ከመጽሐፉ በፊት ያውቁታል።

ጠገራ ብርም ወዲያው ከገበያ አልጠፋም። በገጠር ለብዙ ዓመት እየተቀበረ፥ እየወጣ፥ ለጥሎሽና ለከብት ግዢ እየተቈጠረ ቈይቶአል። ብዙውንም አንጥረኞች አቅልጠው መስቀል፥ ድሪና አምባር አድርገውታል፤ ዛሬ በአሮጌ የአንገት ጌጥ ውስጥ ካለው ብር እጅግ የሚበዛው ከቪየና ወይም ከሮማ ወይም ከለንደን የመጣ ነው።

አንድ ነገር እናክል። በ1937 ዓ.ም. በወጣው ገንዘብ ውስጥ ያሉት የመዳብ ሳንቲሞች የተጻፈባቸው ዘመን 1936 ዓ.ም. ነው። እነዚህ ሳንቲሞች እስከ 1970ዎቹ በአውሮፓ አቈጣጠር፥ ከሠላሳ ዓመት ለማያንስ ጊዜ፥ ያንኑ 1936 እየተጻፈባቸው ታትመዋል። የገንዘቡም ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ የኢትዮጵያ ዶላር ይባል ነበር፤ ሕዝቡ ግን አንድ ቀን እንኳ ዶላር ብሎ አልጠራውም፤ ከጠገራው የወረሰውን «ብር» የሚለውን ስም ለወረቀቱ ሰጠው። በ1976 መንግሥትም ይህንኑ ስም በውጭ ቋንቋ ጭምር ሕጋዊ አደረገው። የቪየና ማተሚያ ቤት ደግሞ ባለ ሻሿን እቴጌ 1780 ብሎ ዛሬም ያትማቸዋል፤ አሁን የሚገዟቸው ግን ገበያተኞች ሳይሆኑ አሮጌ ገንዘብ የሚያጠራቅሙ ሰዎች ናቸው።